የወር አበባው ከረገፈ በኋላ

ቆቦ ላይ ሴት ልጅ አምሳ ዓመት ሲጠጋት ወባ ይይዛታል። ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፤ ታይፎይድም ካልሆነ ደም ግፊት፣ እሱም ካልሆነ የሰው ዓይን ነው። ሌሊት በላብ ተዘፍቃ ትነሣለች፤ ቀን ፊቷ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ልቧ ይደልቃል፤ እንቅልፍ ይርቃታል። ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። አገሩ ቆላ ነው፣ ወሩም መስከረም ወይም ጥቅምት ነው፤ እንግዲህ ሌላ ምን ይጠረጠራል? ጣቷ ተወግቶ ደሟ ይታያል። ወባ የለም። ቢሆንም «ለጥንቃቄ» ተብሎ ክኒኑ ይሰጣታል።

ይህን የምጽፈው ከሰው አፍ ሰምቼ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መኸር፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ሳለሁ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶኛል። ሦስቱንም ጊዜ ምርመራው ወባ የለም ብሏል፤ ሦስቱንም ጊዜ ቴርሞሜትሩ ትኩሳት አላሳየም። በአራተኛው ታይፎይድ ተባልኩ። ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። ጠመኔ እንደያዝኩ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳለሁ ከደረቴ አንድ ነገር ይነሣና በአንገቴ አድርጎ እስከ ፀጉሬ ሥር ይወጣል፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ከሦስት አራት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል። ልጆቹ ያዩኛል። አንዷ ተማሪ ሳልጠይቃት ውኃ ታመጣልኝ ነበር። እግዜር ይስጣት፣ በዚያ ዓመት ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ የሚሻለው የእርሷ ኩባያ ነበር።

ጎረቤቶቼ «አብሽሪ፣ የቆቦ ሙቀት ነው» ይሉኝ ነበር። የቆቦን ሙቀት እኔ ተወልጄ ያደግኩበት ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ ባጠሩት ሜዳ ላይ፣ ከማሽላ ጋር አብሬ ነው የበቀልኩት። የቆቦ ሙቀት ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ይለቃል፣ ውኃ ሲጠጡ ይበርዳል። ይኼኛው ግን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዞብል በኩል ነፋስ ሲመጣና ሰው ሁሉ ጋቢውን ሲስብ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ በር ከፍቼ ደጃፍ ላይ የምቀመጠው።

በመጨረሻ ለሌላ ጉዳይ ደሴ ሄጄ አንዲት ወጣት ሐኪም አገኘሁ። ሳታዳምጠኝ፣ ደሜንም ሳትወስድ አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ። «የወር አበባዎ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ካዩኝ ባለሙያዎች ይህን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። አሁንም እየተናደድኩ የምጽፈው ስለዚህች ጥያቄ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ፍሬዎችን ይዛ ትወለዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከሦስት መቶ ሺህ እስከ አራት መቶ ሺህ ያህሉ ቀርተዋል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜዋ ሁሉ ጎምርተው የሚወጡት ከአራት መቶ እስከ አምስት መቶ ቢሆኑ ነው፤ ሌላው በየወሩ ዝም ብሎ ይረግፋል። ፍሬዎቹን የከበቧቸው ሕዋሳት ናቸው ኤስትሮጂን የሚባለውን ሆርሞን የሚሠሩት። ጎተራው እየጎደለ ሄዶ አንድ ሺህ ገደማ ሲቀር ሥራው ይቆማል። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ ይህን አትቀበልም። ገንዘቡን እንዳጣ አበዳሪ መልእክት በላይ በላይ ትልካለች፤ መላሽ ግን የለም። የወር አበባ ለአሥራ ሁለት ወራት ሳይመለስ ሲቀር ሐኪሞች «አርጣለች» ይላሉ። ይህም ለአብዛኛዋ ሴት ከአርባ አምስት እስከ አምሳ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ሊታከም ይገባዋል፤ በቀዶ ሕክምና ሁለቱ የእንቁላል እጢዎቿ የወጡባት ሴትማ በአንድ ሌሊት እዚያ ትደርሳለች።

ኤስትሮጂን የማኅፀን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ይህ ሆርሞን የማያንኳኳው በር የለም። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል በኤስትሮጂን ልጓም የሚያዙ ነርቮች አሉት። ልጓሙ ሲላላ ነርቮቹ ይደነብራሉ፤ ሰውነት ሳይሞቀው «ሞቀኝ» ይላል፤ የቆዳ ደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ላብ ይፈሳል። ቴርሞሜትሩ ውሸታም አልነበረም ማለት ነው፤ ትኩሳት አልነበረኝም። የሽንት ፊኛና የብልት ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ የሽንት ኢንፌክሽን ይመላለሳል። የደም ስብ ይጨምራል። እንቅልፍ ሲጠፋ ትዕግሥት ይጠፋል፤ ባልና ልጅ «ምን ነክቷት ነው?» ይላሉ። የአጥንትን ነገር ለብቻው እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለሰው ስነግር ከሦስት ዓይነት ሰዎች ጋር ተጣልቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ «ይኼ የነጮች በሽታ ነው፣ የእኛ ሴቶች አያውቁትም» የሚሉ ናቸው። አንድ የተማረ ሰው፣ ያውም በጤና ሙያ የተማረ፣ ፊት ለፊቴ እንዲህ ብሎኛል። በላብ ተጠምቄ እያየኝ ነው ያለው። እስቲ ነጮቹ ራሳቸው ያጠኑትን እንይ። አሜሪካ ውስጥ የልዩ ልዩ ዘር ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤቱ መሠረት ይህ የሙቀት ወላፈን በመካከለኛ ግምት ሰባት ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል፤ ከሁሉም ረዥሙን ጊዜ፣ አሥር ዓመት ገደማ፣ የቆየባቸው ግን ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። የእኛ ሴቶች አያውቁትም የተባለው ስላልደረሰባቸው አይደለም፤ የሚጠይቃቸው ስለጠፋ ነው። እናቴን በሰባ ስምንት ዓመቷ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና «እሱን ነው እንዴ ወባ የምንለው የነበር?» አለችኝ።

ሁለተኛዎቹ «ተፈጥሮ ነው፤ ፈጣሪ የሠራውን ሰው አይጠግነውም» የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ ጋር ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ማረጥ በሽታ አይደለም። ምጥም በሽታ አይደለም፤ ለምጥ ግን አምቡላንስ እንልካለን፤ ደግም እናደርጋለን። ዓይን በዕድሜ መድከሙም ተፈጥሮ ነው፤ መነጽር ግን ኃጢአት አልሆነም። እንዲያውም በእኛ አገር ሃይማኖት ይህን ዕድሜ ከሐኪም ቤት ይልቅ አክብሮታል። የወር አበባዋ የቆመ ክርስቲያን ሴት ወር ጠብቃ ከቤተ ክርስቲያን በር መቅረት ቀርቶላታል፤ ብዙዎች ቆብ ደፍተው ቀሪ ዘመናቸውን ለጸሎት የሚሰጡትም በዚሁ ዕድሜ ነው። እስላሟ ጎረቤቴም ረመዳንን ሳይቋረጥባት ሠላሳውን ቀን ትጾማለች፣ ቀዳ የምታወጣው ቀን የለባትም፤ በዱበርቲዎች መካከል ተቀምጣ ዱዓ ታደርጋለች፣ ትመርቃለች። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ለዚህች ሴት ቦታ አላቸው። ካርድ ክፍሉ ነው ቦታ ያጣላት።

ሦስተኛዎቹ «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» ባዮች ናቸው። እነዚህ ከሁሉ ይሻላሉ፤ ቢያንስ የሆነ ነገር አንብበዋል። ያነበቡትም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ኤስትሮጂን ተነጥሮ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ አሜሪካዊው ዶይሲና ጀርመናዊው ቡተናንት በየፊናቸው አገኙት። በ1942 ከእርጉዝ ባዝራ ሽንት ተቀምሞ በክኒን መልክ ለገበያ ወጣ። (ቆቦ ላይ የፈረስ ሽንት ለመድኃኒት ይሆናል ብል ጠንቋይ በተባልኩ ነበር።) በ1966 ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሴት ልጅ ክኒኑን ከወሰደች ለዘለዓለም ሴት ሆና ትኖራለች የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ገንዘቡን የሚሰጡት መድኃኒት ነጋዴዎች እንደነበሩ በኋላ ታወቀ። በ1975 ደግሞ ኤስትሮጂን ብቻውን ሲሰጥ የማኅፀን ግድግዳ ካንሰርን እንደሚያበዛ ተደረሰበት፤ ከዚያ ወዲህ ማኅፀኗ ላልወጣ ሴት ፕሮጄስትሮን ወይም ዘመዱ የሆነ ሆርሞን አብሮ ይሰጣል። ከዚያም በ2002 አሥራ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ያህል ሴቶች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት ድንገት ተቋረጠና ዓለም ሁሉ ደነገጠ። የጡት ካንሰር ጨምሯል ተባለ። በስንት? በዓመት ከአሥር ሺህ ሴቶች በስምንት። የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ በአምስት ቀንሶ ነበር። የተጠኑትም ሴቶች አማካይ ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነበር፤ አብዛኞቹ ወላፈኑን ካለፉት ቆይተዋል። ዛሬ የሙያው ሰዎች የሚሉት፣ ዕድሜዋ ከስድሳ በታች ለሆነ ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት፣ ነገሩ ለበረታባት ጤነኛ ሴት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ነው። የጡት ካንሰር የያዛት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ የመታት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ግን አትወስደውም። ሆርሞን ለማትወስድም ከሆርሞን ውጭ የሆኑ መድኃኒቶች አሉ። እኔ ክኒን ሻጭ አይደለሁም፤ ለራሴም አልወሰድኩም። ዊልሰንን የምጠላውን ያህል ግን ዝምታንም እጠላለሁ።

ተልባም ጠጥቻለሁ፤ ደብቄ አላልፍም። ተልባ ውስጥ ኤስትሮጂንን የሚመስል ነገር አለ ሲባል ሰምቼ ወር ሙሉ ጠጣሁ። ለሆዴ ተስማማኝ። ለወላፈኑ ግን በጥናት ሲፈተን ከማስመሰያው የተሻለ ሆኖ እንዳልተገኘ ኋላ አነበብኩ፤ በእኔም ላይ እንደዚያው ነው የሆነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በአገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የሚባል ትልቅ ቆጠራ አለ። በ1992 ዓ.ም. ተጀምሮ በየጊዜው ተደግሟል። ቤት ለቤት እየዞረ ሴቶችን ስለ ወሊዳቸው፣ ስለ ደም ማነሳቸው፣ ስለ ባላቸው ዱላ ሳይቀር ይጠይቃል፤ መልካም ሥራ ነው። የሚጠይቀው ግን ከአሥራ አምስት እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ያለችውን ሴት ነው። ወንዱን እስከ አምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ይጠይቀዋል። ልብ በሉ፤ ወንዱ አሥር ዓመት ተጨምሮለታል። ሴቲቱ አምሳ ዓመት በሞላት ቀን መዝጋቢው ደጃፏ ላይ ቆሞ ዕድሜዋን ይጠይቅና ወረቀቱን አጥፎ ወደ ምራቷ ያልፋል። የምትወልድ እስከሆነች ድረስ ሰው ነበረች። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አገሪቱ አትጠይቅም፤ ያልጠየቀችውን አታውቅም፤ ያላወቀችውን በጀት አትይዝለትም።

«አማካይ ዕድሜያችን አጭር ነው፣ ስንቷ ነው እዚያ የምትደርስ?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ይህ የሒሳብ ስሕተት ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ አይሳሳቱትም። አማካዩን የሚያወርደው በጨቅላነቱ የሚሞተው ሕፃን ነው። ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ወረርሽኙንና ረኃቡን አልፋ አምሳ ዓመት የደረሰች ሴት ገና ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ከፊቷ አላት።

ደግሞስ ሆርሞን ለቆቦ ሴት እንግዳ ነገር ነውን? በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ ጓሮ ድረስ ዘልቀው ገቡ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በአገሪቱ ካገቡት መቶ ሴቶች ሠላሳ አምስቱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም ሃያ ሦስቱ በየሦስት ወሩ መርፌ የሚወጉ ነበሩ። ያ መርፌ ሆርሞን ነው! ኤስትሮጂን አይደለም፣ የፕሮጄስትሮን ዘመድ ነው፤ የእንቁላል እጢዎችን ስለሚያስተኛም ኤስትሮጂንን ይቀንሳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 አጥንት ያሳሳል የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል፤ መርፌው ሲቆም አጥንቱ በአብዛኛው ይመለሳል። መርፌውን አልቃወምም፤ ብዙ እናቶችን ከሞት አድኗል። የምለው ሌላ ነው። ልጅ እንዳትወልድ ሆርሞን ይዞ ቤቷ ድረስ የሚሄድ ሥርዓት፣ የራሷ ሆርሞን ሲያልቅባት ለምን መንገዱ ይጠፋዋል? መርፌ ላይ ያለች ሴት የወር አበባዋ ብዙ ጊዜ ስለሚቀር ማረጧንም ሳታውቅ ታልፋለች። አርባ ሰባትና አርባ ስምንት ዓመት ሆኗት መርፌ የምትወጋውን ሴት ቁጭ አድርጎ «ከዚህ በኋላ እንዲህ እንዲህ ይሆናል» ብሎ የሚነግራት ማን ነው?

ስለ አጥንት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አፍራሽና ገንቢ ሕዋሳት ቀን ከሌት ይሠሩበታል። አፍራሾቹን የሚገታው ኤስትሮጂን ነው። እሱ ሲሄድ አፍራሾቹ ይበረታሉ፤ ሴትዮዋ ካረጠች በኋላ ባሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት የአጥንቷን ጥንካሬ አምስተኛ ክፍል ያህል ልታጣ ትችላለች። የጀርባ አከርካሪ ሳይወድቁ ሳይመቱ በራሱ ይሰባበራል፤ ሴትዮዋ ታጥራለች፣ ትጎብጣለች። የአሮጊት ምርኩዝና የጎበጠ ወገብ ሥዕላችን ውስጥም ቲያትራችን ውስጥም እንደ ጌጥ ይገባል። ያ ጉብጠት ብዙ ጊዜ የተሰበረ አጥንት ነው። አክስቴ ከደጃፏ ደፍ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋን ተሰበረች፤ ወጌሻ ተጠራ፤ አሸ፣ ጠገነ፤ እንደገና አልተነሣችም። በአራተኛው ወር ቀበርናት። ለቀስተኛው «ዕድሜዋ ደረሰ» አለ። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።

አሁን የምጽፈው ስለ ራያ ቆላ ሴቶች ነውና ሌላው አገር የሌለብንን አንድ ነገር ልጨምር። ረኃብ ኤስትሮጂንን ያጠፋል። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ አንጎል የመውለድን ጉዳይ ይዘጋዋል፤ ለእንቁላል እጢዎች የሚላከው ትእዛዝ ይቋረጣል፤ የሃያ ዓመት ልጅ ከሰባ ዓመት አሮጊት ጋር ትስተካከላለች። ሌኒንግራድ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ስትከበብ፣ በ1944 እና 1945 ክረምት ሆላንድ ስትራብ ይኸው ሆኗል፤ ሐኪሞች ጽፈውታል። እኛስ? በ1966 ተራብን። በ1977 እንደገና ተራብን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲ ቴሌቪዥን ለዓለም ያሳየው የኮረም ሜዳ ከቆቦ ተነሥቶ አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካሱን ዳገት ሲወጡ ነው። ዓለም የሕፃናቱን ዐይን አየ። የእናቶቹን ማኅፀን ማን አየ? እናቴ «ሁለት ዓመት ደም አላየሁም፤ እግዜር ቀጣኝ ብዬ ነበር» ትላለች።

እኔ በ1977 የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የወር አበባዬን ያየሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የሰው አጥንት አብዛኛው ስንቁ የሚቋጠረው እስከ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ ያውም በኤስትሮጂንና በምግብ። ያን ጊዜ ሁለቱንም ያጣን የራያ ልጃገረዶች ዛሬ በአምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነን። ሳንሞላው የቀረውን ጎተራ አሁን እያራገፍነው ነው። ጀሪካን ተሸክመን፣ እንጨት ተሸክመን፣ የተሰበረ ድንጋይ እየረገጥን። ስለ 1977 በየመታሰቢያው ብዙ ይነገራል፤ ረኃቡ በእኛ አጥንት ውስጥ ገና አላለቀም ብሎ የተናገረ ግን አልሰማሁም።

ስለ መኝታም መናገር አለብኝ፤ ነውር ነው የሚለኝ ካለ ገጹን ይግለጥ። የደረቀ ቆዳ ያማል። ሴትዮዋ ባሏን ትሸሻለች። ለምን እንደምትሸሽ አትናገርም፤ ቃሉም የላትም። እሱ ደግሞ ወይ ሌላ ሰው ይዛለች ይላል፣ ወይ ሌላ ሴት ይፈልጋል። ጠላ ቤት ተቀምጦ «የእኔዋ እንኳ አርጣለች» ብሎ የሚያስቅ አለ፤ ለላም የሚናገረውን ቃል ነው ለሚስቱ የሚናገረው። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚህ ሲለያዩ አይቻለሁ። ለዚህኛው ችግር ኤስትሮጂን ያለው ቅባት አለ፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ በክኒኑ የሚፈራው ነገር ሁሉ በእሱ አይፈራም። በቆቦ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ከሚያነሷቸው ነገሮች ውስጥ ይህ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው።

አሁን ከሁሉ የከበደው መልስ ይመጣል። «አገሩ ጦርነት አልፎበታል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ቆቦ በማን እጅ ነበረች? በሰሜን ወሎ ስንት ጤና ተቋም ተዘረፈ፣ ስንት ወደመ? በ2014 ማብቂያ ላይም ዳግመኛ ተኩስ ሰማን፤ ከዚያም ወዲህ ሰላም አላገኘንም። የምትወልደው ሴት በደም መፍሰስ እየሞተች፣ አንቺ ስለ ላብ ታወሪያለሽ?» ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለዚህም ነው መልሱን አስቤ የመለስኩት።

በዚያ ጊዜ እኔም ቆቦ ነበርኩ። አራት ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግተን ስንከርም በዚያ ሙቀት በሩን መክፈት አልችልም ነበር። የምጠይቀው አዲስ ሆስፒታል አይደለም። ውድ መሣሪያም አልጠየቅሁም። የምጠይቀው ያቺን የደሴ ጥያቄ ነው፤ ዋጋዋ አንድ ትንፋሽ ነው። እንዲያውም ገንዘብ ትቆጥባለች። እኔ በከንቱ የዋጥኩት የወባ ክኒን በእውነት ወባ ለያዘው ሕፃን ነበር የሚገባው፤ ያለ ምክንያት የተሰጠ መድኃኒትም ተሐዋሱን መድኃኒት እንዲለምድ ያግዘዋል። አርባ አምስት ዓመት አልፏት «ያልበኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» የምትል ሴት ስትመጣ፣ የወባው ምርመራ ይደረግ፤ ቆላ ነን፣ ወባ እውነት ነው፣ ይገድላል። ምርመራው የለም ሲል ግን የለም ይባል። ከዚያም ትጠየቅ። ለኤክስቴንሽን ሠራተኞቹም በሥልጠናቸው ላይ ግማሽ ቀን ይጨመርላቸው። ቆጣሪዎቹም ለወንዱ የሰጡትን አሥር ዓመት ለሴቲቱ ይስጧት፤ ይህ እንኳ የሚያስለምን አልነበረም።

እንግዲህ ቋንቋችን ለጋሱ ነው። ለሚመጣው ደም «የወር አበባ» ብሎ ያማረ ስም አውጥቶለታል። ለሚቀረው ግን ያለችን «ማረጥ» ናት። ጸሐፊዎችና ገጣሚዎች በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ልጃገረድ ጡትና ዐይን ብዙ ጽፋችኋል፤ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱም ጥሩ ነው። የአምሳ ዓመት ሴት ከእናትነት ወይም ከአማትነት ውጭ ራሷን ሆና የገባችበት ልብ ወለድ ግን ስፈልግ ደከምኩ።

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ ለቡና መጣች። ከእኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች። ክኒን የያዘች ትንሽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ወባው ተነሣብኝ እቴ» አለች።

«ምርመራው ምን አለ?» አልኳት።

«የለም አለ። ግን ሌሊት ሌሊት ያልበኛል።»

«የወር አበባሽ መቼ ቀረ?»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፤ ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ሻሿን አስተካከለች። «ከረመዳን በፊት ነው» አለችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያም ሳልጠይቃት ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ባሏ ነገረችኝ። ቡናው በረካ እስኪደርስ አልጨረሰችም።